አና የሞተችበትና አና የዳነችበት፦ «ላቭ» የተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ለምን ሁለት ፍጻሜ ኖረው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ከሩሲያዊው ደራሲ ከቶልስቶይ «አና ካሬኒና» ልቦለድ የተወሰደውንና ግሬታ ጋርቦና ጆን ጊልበርት የሚተውኑበትን «ላቭ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ሁለት ጊዜ አይተዋል። በአንዱ ኮፒ አና ባቡር ሥር ትገባለች፤ በሌላው ከፍቅረኛዋ ከመኮንኑ ቭሮንስኪ ጋር ተገናኝታ ይተቃቀፋሉ። «እውነተኛው የትኛው ነው? ሁለተኛውን ማን ቀጠለበት? መጽሐፉን ለሚወድ ሰው ይህ ክህደት አይደለም?» ይላሉ። በአንደኛው ኮፒ ላይም ከሙዚቃው ጋር የሰው ሳቅ መስማታቸውን ጠቅሰው ከየት እንደመጣ ጠይቀዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ሁለቱም የተቀረጹት በያኔው ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ስቱዲዮ፣ በእነዚያው ተዋንያን ነው፤ በኋላ ዘመን የመጣ ሰው ቆርጦ የለጠፈው ነገር የለም። ፊልሙ በ1927 መጨረሻ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከሁለቱ ፍጻሜዎች የወደዱትን እንዲያሳዩ ምርጫ ተሰጣቸው። በምሥራቅና በምዕራብ ጠረፍ ያሉት በአብዛኛው የአናን ሞት መረጡ፤ የመሃል አገሮቹ ደግሞ አብዛኞቹ አስደሳቹን ወሰዱ። ስለዚህ በዚያ ክረምት ሁለት ዘመዳሞች በሁለት ከተሞች ሆነው ያንኑ ፊልም አይተው፣ አንዱ አልቅሶ ሌላው ተጽናንቶ ሊወጣ ይችል ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ፊልሙ ወዴት እንደተገፋ ማወቅ ይጠቅማል። ሥራው ሲጀመር ስሙ «አና ካሬኒና» ነበር፤ ዳይሬክተሩ ዲሚትሪ ቡኮዌትስኪ፣ ቭሮንስኪን የሚጫወተውም ሪካርዶ ኮርቴዝ ነበሩ። ጋርቦ ታመመች፣ ቀረጻውም ቆመ። እንደገና ሲጀመር የዳይሬክተሩን ወንበር ኤድመንድ ጉልዲንግ ያዘ፤ በኮርቴዝ ቦታ ደግሞ ጆን ጊልበርት ገባ። ጊልበርትና ጋርቦ ከዚያ በፊት «ፍሌሽ ኤንድ ዘ ዴቭል» በተባለው ፊልም አብረው ሠርተው ነበር። በዚያ ቀረጻ ወቅት በመካከላቸው የተጀመረው እውነተኛ ፍቅር ጋዜጣ የማይሰለቸው ወሬ ሆኖ ነበርና ስቱዲዮው ያንን ወሬ ሊጠቀምበት ፈለገ። የፊልሙ ስም ተቀይሮ «ላቭ»፣ ማለትም «ፍቅር» ሲባል፣ በሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ላይ ሁለቱ ተዋንያን ራሳቸው ፍቅር ላይ እንዳሉ አድርጎ የሚነበብ ማስታወቂያ መስቀል ተቻለ። የስክሪፕቱ ጸሐፊ በዘመኑ ከሆሊውድ እጅግ ከሚፈለጉት አንዷ የነበረችው ፍራንሲስ ማሪዮን ናት። እንዲህ ባለ መንገድ የተሸጠ ፊልም ሁለቱን ፍቅረኞች ለያይቶ አንዷን ሐዲድ ላይ መጣል ለሻጮቹ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

የሥራው ባሕርይም ይህን የሚፈቅድ ነበር። ያኔ ፊልም ወደ ሲኒማ ቤት የሚሄደው በየጥቅሉ ተከፋፍሎ ነው፤ አንድ ጥቅል ወደ 300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ተዋንያኑ በድምፅ ስለማይናገሩ የሚጣጣም የድምፅ ትራክ የለም። የመጨረሻውን ጥቅል መቀየርና በትዕይንቶች መካከል የሚገቡትን ጥቂት የጽሑፍ ሰሌዳዎች ማስተካከል ይበቃል። ሙዚቃውን የሚወስኑት በየአዳራሹ ያሉት ሙዚቀኞች ናቸው፤ ማሽኑ የሚዞርበትን ፍጥነትም የሚወስነው ኦፕሬተሩ ነው። ዛሬ አንድ ፊልም አንድ መልክ ብቻ እንዳለው አድርገን ስለምናስብ ሁለት ፍጻሜ ሲገጥመን አንዱን ሐሰተኛ ለማለት እንቸኩላለን። ለዘመኑ የሲኒማ ሰዎች ግን ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው የቶልስቶይ አገር ልማድ የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው። ከአብዮቱ በፊት የሩሲያ ተመልካች በሐዘን የሚያልቅ ፊልም ይወድ ነበር። የዴንማርኩ ኖርዲስክ ኩባንያ በ1913 «አትላንቲስ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ለሩሲያ ገበያ ብሎ አሳዛኝ ፍጻሜ ለብቻው ቀርጿል። ሩሲያዊው ዳይሬክተር ያኮቭ ፕሮታዛኖቭ ደግሞ የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የግሪፊዝን የ1909 ፊልም በ1914 ሩሲያ ውስጥ እንደገና ሲሠራው፣ በመጀመሪያው በሰዓቱ ደርሶ ቤተሰቡን የሚያድነውን ባል አዘግይቶ ሚስቱን ሞታ እንድትጠብቀው አደረገ። በዚያው በ1914 ቭላዲሚር ጋርዲን የሞስኮ አርት ቲያትሯን ማሪያ ጌርማኖቫን ይዞ «አና ካሬኒና»ን ሠርቷል። በዚያ ገበያ አናን ማዳን ማንም የሚጠይቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ የአንድ ታሪክ መጨረሻ በደራሲው ብቻ ሳይሆን በሚሸጥበት አገርም ይወሰን ነበር ማለት ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ገበያና ስለ ጥቅል ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ጠያቂያችን እንዲያዩልኝ የምፈልገውም እሱን ነው። የ«ላቭ» ፍጻሜ ሊቀየር የቻለው መጀመሪያው ስለተቀየረ ነው።

በመጽሐፉ አናን የምናውቃት በባቡር ጣቢያ ነው። ከፒተርስበርግ መጥታ ሞስኮ ስትወርድ ቭሮንስኪ እናቱን ሊቀበል መጥቶ ያያታል። ወዲያው ባቡሩ ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ አንድ የጣቢያ ዘበኛ ከሥሩ ገብቶ ይሞታል፤ አና «መጥፎ ምልክት ነው» ትላለች፤ ቭሮንስኪ ለሟቹ ሚስት 200 ሩብል ይሰጣል። ይህ በአንደኛው ክፍል በ18ኛው ምዕራፍ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አና ገና ሳትመጣ፣ በወንድሟ ቤት ሕፃናቱ ሳጥን ይዘው ባቡር ባቡር ሲጫወቱ ሰምተናል። ወደ ፒተርስበርግ ስትመለስ ቭሮንስኪ ፍቅሩን የሚነግራት በበረዶ ማዕበል መካከል ባቡሩ በቆመበት ጣቢያ ነው። በኋላ ደግሞ ጢሙ የተንጨባረረ፣ ብረት ላይ ጎንበስ ብሎ በፈረንሳይኛ የሚያጉተመትም ገበሬ በሕልሟ እየመጣ ያስጨንቃታል። ከእናቱ የተለየው ልጇ ሰርዮዣ እንኳን በትምህርት ቤት የባቡር ጨዋታ ይጫወታል። እንግዲህ በሰባተኛው ክፍል መጨረሻ አና ጣቢያው ላይ ቆማ ቭሮንስኪን ባየችበት ቀን የተጨፈለቀውን ሰው በድንገት ስታስታውስና ማድረግ ያለባትን ስታውቅ፣ አንባቢም አብሯት ያስታውሳል። ይህን ሞት ከመጽሐፉ አውጥቶ ሌላ መተካት አይቻልም፤ በሰባቱ ክፍሎች ውስጥ የተዘረጋውን ሐዲድ ሁሉ መንቀል ይጠይቃል።

ፊልሙ ይህንን ሐዲድ ከመጀመሪያው ነቀለው። በ«ላቭ» መክፈቻ ባቡር የለም። የበረዶው ማዕበል ቀርቷል፤ አና የምትጓዘው ግን በፈረስ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ነው። ጋሪው መንገድ ላይ ይበላሻል፣ ቭሮንስኪ የሚባል መኮንን ይደርስላታል፣ ማዕበሉም አንድ የመንገድ ማደሪያ ውስጥ ያስገባቸዋል። ፊቷ በዐይነ ርግብ ተሸፍኗል። ዐይነ ርግቡን ስታነሳ የቭሮንስኪ ፊት ምን እንደሚሆን ያዩት ነው። ለጋርቦ ከዚህ የተሻለ መግቢያ ሊፈጠርላት አይችልም፤ በዚህ ረገድ ማሪዮንና ጉልዲንግ ሥራቸውን በሚገባ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ያንን መግቢያ ሲመርጡ ሞቱን ከስሩ ቆረጡት። በመጨረሻ ባቡሩ ሲመጣ ማንም ሲጠብቀው ያልነበረ እንግዳ ሆኖ ይመጣል፤ እንግዳን ደግሞ በሌላ እንግዳ መተካት ቀላል ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። አሳዛኙ ፍጻሜም ቢሆን የቶልስቶይ አይደለም። በፊልሙ አና ሐዲዱ ላይ የምትደርሰው ለቭሮንስኪ ብላ ነው። በእሷ ምክንያት ከክፍለ ጦሩ ሊባረር መሆኑን ትሰማለች፤ ታላቁ መስፍን ዘንድ ሄዳ ትለምንለታለች፤ እሱ በማዕረጉ እንዲቆይ እሷ ከሕይወቱ ለመውጣት ቃል ትገባለች። ሞቷ መሥዋዕት ነው። የመጽሐፉን አና ደግሞ ያስታውሱ፦ ወዳጅ የራቃት፣ ሳሎን የተዘጋባት፣ ያለ ሞርፊን እንቅልፍ የማይወስዳት፣ ቭሮንስኪ ሌላ ሊያገባ ነው ብላ በቅናት የምትቃጠል ሴት ናት። ሐዲዱን ስታይ በሐሳቧ የሚመጣው እሱን መቅጣት፣ ከሁሉም ሰውና ከራሷም ማምለጥ ነው። ቀዩን ቦርሳዋን ከእጇ ለማውጣት ስትታገል የመጀመሪያው ፉርጎ ያመልጣታል፤ አማትባ ሁለተኛው ሥር ትወድቃለች፤ ወዲያውም «የት ነኝ? ምን እያደረግኩ ነው? ለምን?» ብላ ልትነሳ ትሞክራለች። ጊዜው ግን አልፏል። ቶልስቶይ እዚያ ላይ ጭንቀትና ማታለል፣ ሐዘንና ክፋት የሞላበትን መጽሐፍ ስታነብበት የነበረው ሻማ ቦግ ብሎ ሁሉን አብርቶላት ለዘላለም ጠፋ ይላል።

ስለዚህ ክህደት ካሉ ክህደቱ በአስደሳቹ ፍጻሜ አልጀመረም። አናን ቅናትና ቂም የሌለባት፣ ለወንዷ ስትል የምትጠፋ ንጹሕ ሴት ያደረጋት አሳዛኙም ፍጻሜ ያንኑ ያህል ርቆ ሄዷል። እኔ በግሌ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ ታላቅነት ያለው አናን ሳያቆነጃት ከልባችን እንድንይዛት በማድረጉ ላይ ነው።

አስደሳቹን ፍጻሜ ደግሞ በፍትሕ እንየው። ዓመታት አልፈዋል። የአና ባል ካሬኒን ሞቷል (በመጽሐፉ አይሞትም፤ አና ከቭሮንስኪ የወለደቻትን ሴት ልጅ የሚያሳድገው እሱ ነው)። ቭሮንስኪ ሰርዮዣ በወታደራዊ ትምህርት ቤት መሆኑን አውቆ ሊያየው ይሄዳል፤ ልጁ እናቱ በየቀኑ እየመጣች እንደምትጠይቀው ይነግረዋል፤ እሷም ትመጣለች። ሲነገር የተጣደፈ ይመስላል፤ አፈጻጸሙም የተጣደፈ ነው። ነገር ግን አንድ ብልህ ነገር አለበት፤ ፍቅረኞቹን የሚያገናኛቸው ልጁ ነው። ይህ ደግሞ ከፊልሙ ውስጥ የወጣ እንጂ ከውጭ የተለጠፈ አይደለም።

ለምን ቢሉ፣ በ«ላቭ» ውስጥ እጅግ የጋለው ፍቅር በእናትና በልጅ መካከል ያለው ነውና። ጋርቦ የተወለደችው በሴፕቴምበር 1905 ነው፤ ይህን ስትሠራ ገና 22 ዓመት ገደማዋ ነበር። ሰርዮዣን የሚጫወተው ፊሊፕ ደ ላሲ የ10 ዓመት ልጅ ነው። በዕድሜ ሊሆን የማይችል እናትነት ነው፤ ሆኖም ልጁ በልደቱ ቀን ተኝቶ ሳለ ተደብቃ ወደ ቤቱ የምትገባበትን ትዕይንት አይቶ ማን ይጠራጠራል? ከቭሮንስኪ ጋር ስትሆን ጋርቦ ብዙ ጊዜ ትጠብቃለች፣ ትርቃለች፣ ዐይኗን ትጨፍናለች። ከልጁ ጋር ግን እጇ አያርፍም፤ ፊቱን ትዳስሳለች፣ ፀጉሩን ታሻሻለች፣ እሱ ላይ ተደፍታ ትስቃለች። ካሜራውን የያዘው ዊሊያም ዳንየልስ ነው፤ በኋላም አብዛኞቹን የጋርቦ ፊልሞች የቀረጸው እሱ ነው። ፊቷ ላይ ብርሃኑን ሲያሳርፍ በሁለቱ ፍቅሮች መካከል ያለውን ልዩነት ያለ ምንም ጽሑፍ እናነበዋለን። ከ200 በላይ ምዕራፎች ያሉትን መጽሐፍ ወደ 80 ደቂቃ ገደማ ሲያሳጥሩት የመጽሐፉ ሌሎች ዋና ባለታሪኮች ሌቪንና ኪቲ ከነእርሻቸውና ከነጥያቄያቸው ሁሉ ጠፍተዋል፤ የደራሲው ድምፅ ጠፍቷል፤ የሻማውም ምስል ጠፍቷል። በምትኩ የተገኘው ይህ ፊት ነው። እኔ ልውውጡ ርካሽ ነበር አልልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠያቂያችን አስደሳቹን ፍጻሜ የደካሞች፣ አሳዛኙን የደፋሮች አድርገው የሚያዩት ይመስላል። በዘመኑ የሥነ ምግባር ሒሳብ ግን ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1915 ፊልም በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ የመናገር ነፃነት የለውም ብሎ ስለወሰነ፣ በየክፍለ ሀገሩና በየከተማው ያሉ የሳንሱር ቦርዶች የፈለጉትን ይቆርጡ ነበር። በ1927 ደግሞ አምራቾቹ ራሳቸው 11 ፈጽሞ የማይነኩና 25 በጥንቃቄ የሚያዙ ጉዳዮችን ዝርዝር አወጡ፤ ጋብቻ ከሁለተኞቹ አንዱ ነበር። በአንዱ ፍጻሜ ያመነዘረችው ሚስት ትሞታለች፤ በሌላው ባሏ ሞቶ ነፃ ስለወጣች ጋብቻው አልተነካም። ቶልስቶይ በመጽሐፉ ራስ ላይ ያስቀመጠው የጳውሎስ ቃል «በቀል የእኔ ነው፥ እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ» የሚል ነው፤ ፍርዱን ከሰው እጅ የሚያወጣ ቃል። ሁለቱም የፊልሙ ፍጻሜዎች ግን ፍርዱን ለተመልካቹ ጣዕም መልሰው ይሰጡታል።

ጋርቦ አናን እንደገና በ1935 ተጫውታለች፤ በድምፅ፣ በክላረንስ ብራውን ዳይሬክተርነት፣ ፍሬድሪክ ማርች ቭሮንስኪ፣ ቤዚል ራዝቦን ካሬኒን ሆነው። እዚያ የአና ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው ከባቡር እንፋሎት ውስጥ ሲወጣ ነው። ባቡሩ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ መጨረሻውም አልተነካም። ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው የሆሊውድ ሕግ ያመነዘረች ሴት ስትቀጣ ማየት ይፈልግ ስለነበር ምክንያቱ የድርሰት ብቻ አይደለም። ሆኖም ሁለቱን ፊልሞች አከታትሎ የሚያይ ሰው በሁለተኛው ውስጥ ሞቷ ገና ከእንፋሎቱ ጀምሮ ሲቀርብ ይሰማዋል።

«የትኛውን ልመን?» ካሉኝ፣ አሳዛኙን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ ግን ለቶልስቶይ መታመኑ አይደለም፤ አልታመነምና። ከልጇ የተለየችበት ትዕይንት ካለፈ በኋላ የጋርቦ ፊት ላይ የሚታየው ድካም፣ በዓመታት ዝላይና በአንድ እቅፍ የሚካስ ሆኖ አላገኘሁትም። ተዋናይቷ የሠራችው ሥራ ከስክሪፕቱ በላይ ወደ ሞት ሄዷል። ከማየትዎ በፊት ግን የመጽሐፉን የአንደኛ ክፍል 17ኛና 18ኛ ምዕራፍ፣ ከዚያም የሰባተኛውን ክፍል የመጨረሻ ሦስት ምዕራፎች ቢያነቡ፣ ፊልሙ ምን እንደጣለና ምን እንዳነሳ በአንድ ምሽት ያዩታል።

የሳቁ ነገር ቀላል ነው። ከተለመዱት ኮፒዎች በአንዱ ላይ ያለው ሙዚቃ የአርኖልድ ብሮስቶፍ ድርሰት ነው፤ በ1994 በሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ፊልሙ ሲታይ ተመልካች ባለበት በቀጥታ ተቀርጿል። የሚሰሙት ሳቅ በዚያ አዳራሽ የነበሩ ሰዎች ሳቅ ነው። አንዳንዶች ይህ ያናድዳቸዋል፣ ድምፁን ዘግተውም ያያሉ። እባክዎ አይዝጉት። ድምፅ አልባ ፊልም በዘመኑ በጸጥታ አይታይም ነበር፤ ቢያንስ ፒያኖ፣ በትልልቅ አዳራሾችም ሙሉ ኦርኬስትራ ያጅበው ነበር፤ ትዕይንቶቹም የተቆረጡት ያንን ታሳቢ አድርገው ነው። ሳቁ ካስቸገረዎት ሌላ ሙዚቃ ያለው ኮፒ ይፈልጉ፤ ያ ካልተገኘ ደግሞ ቃል የሌለው የፒያኖ ሙዚቃ ራስዎ ከፍተው አብረው ያስኪዱት።